ሐረጎን በመርቸዲስ

የአንባቢያን ጥያቄ፣ የጡረተኛ መካኒክ መልስ

ባለፈው ስለ ፍሪሲዮን ከጻፍኩ ወዲህ የደረሱኝ ደብዳቤዎች ግማሽ ያህሉ ስለ አንድ መኪና ናቸው። ስለ መርቸዲስ። ምን እንደነካችሁ እንጃ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ቅንጡ መኪና ከእጅ እጅ እየዞረ ነው መሰለኝ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ቆየት እላለሁ፤ የፍሬን ነገር ነውና።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ? ሥራዬ ደሴ ነው፣ ቤቴ ኮምቦልቻ። በየቀኑ በሐረጎ ቁልቁለት እመላለሳለሁ። እስከ ዛሬ በሚኒባስ ነበር። አሁን አዲስ አበባ የ2004 ሥሪት መርቸዲስ ኢ ክላስ ተገኝቶልኛል። ደላላው «ጀርመን ነው፣ አይሞትም» ይላል። አጎቴ ደግሞ «የዚያን ዘመን መርቸዲስ ከምትገዛ በሬ ግዛ» ብሎኛል። ማንን ልስማ?
የሐረጎ ተመላላሽ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ገና አልገዛህም። ደላላውም አጎትህም አልዋሹህም። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ነው።

ደላላው በልቡ የያዘው ደብሊው 123 የሚባለውን ነው። ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ተሠርቶ 2.7 ሚሊዮን ገደማ የወጣ መኪና ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው።) «አይሞትም» የሚለውን ስም ያተረፉት እሱና ቀዳሚዎቹ ናቸው። አንድ ግሪካዊ ባለታክሲ 240 ዲ የሚባለውን የ1976 ሥሪት ናፍጣ መርቸዲሱን 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ መኪናዋ ዛሬ በፋብሪካው ሙዚየም ቆማለች። ደላሎች ይህን ታሪክ ይወዱታል። ሰውዬው ሞተር ደጋግሞ መቀየሩን ግን አይነግሩህም።

አጎትህ የሚያወራው ከዚያ በኋላ ስለመጣው ነው። ጃፓኖች በ1989 ሌክሰስን ይዘው ሲመጡ ጀርመኖቹ ዋጋ ላይ ተጨነቁ። በመኪናው ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክስም በየዓመቱ በዛ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ የወጡት አንዳንዶቹ የሞተር ገመዳቸው ልባስ በሙቀት እንደ ደረቅ ቂጣ ይፈረካከሳል። በአሥርቱ ዓመታት መጨረሻ የተሠሩት ደግሞ ዝገት ይወዳሉ። በ1997 ትንሿ ኤ ክላስ ስዊድን ውስጥ በጋዜጠኞች ስትፈተን ተገለበጠች። ፋብሪካው ማስረከቡን አቁሞ መንሸራተት የሚከላከል ሲስተም ገጠመላት። ስም የሚገነባው በሠላሳ ዓመት ነው፣ የሚበላው በአምስት።

ወደ አንተ እንምጣ። የ2004 ኢ ክላስ ፍሬኗ እንደ ሌላው መኪና አይደለም። የተለመደው ፍሬን እግርህን ስትጭን ዘይቱን ራሱ ገፍቶ ሸራውን ከዲስኩ ያጣብቃል። በዚህኛው ግን እግርህ የሚያዘው ኮምፒውተሩን ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ፓምፑን ያዛል፣ ፓምፑ በከፍተኛ ግፊት ያጠራቀመውን ዘይት ይለቃል። እንደ ቤተ መንግሥት ደጅ አስብልኝ፣ ጉዳይህ በሦስት ሰው እጅ ያልፋል። በ2001 ስፖርት መኪናቸው ላይ፣ በ2002 ኢ ክላስ ላይ ገጠሙት። ሲሠራ በጣም ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን በ2004 ወደ 680,000 መኪና ለዚሁ ፍሬን ብለው ለጥገና መልሰው ጠሩ። በ2005 ደግሞ 1.3 ሚሊዮን መኪና ጠሩ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ያው ፍሬን ነበር። በ2006 ኢ ክላስን ሲያድሱ ፍሬኑን ትተው ወደ ድሮው ተመለሱ። ለእኔ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ጀርመን ተሳስቻለሁ ሲል እንዲህ ነው፣ ዝም ብሎ ይቀይረዋል።

ሌላም አለ። ያ የፍሬን ክፍል ውስጡ ቆጣሪ አለው። ስንት ጊዜ ፍሬን እንደያዝክ ይቆጥራል። የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላ ዳሽቦርድ ላይ አስጠንቅቆ ቀይረኝ ይላል። አሁን መንገድህን አስብ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቁልቁለቱ 600 ሜትር ያህል። ሐረጎ ላይ ጠምዘዝ፣ ፍሬን፣ ጠምዘዝ፣ ፍሬን። ከፊትህ የጫነ ካሚዮን ሸራው እየሸተተ ይወርዳል፣ ታች ኮምቦልቻ ተዘርግታ ትታያለች፣ አንተ ደግሞ አሁንም ፍሬን። አንድ የሜዳ አገር ሰው በሳምንት የሚይዘውን ፍሬን አንተ በአንድ ጠዋት ትይዘዋለህ። ቆጣሪው ይህን ሁሉ ይጽፋል።

ሲስተሙ ሥራ ቢያቆም ፍሬን ጨርሶ አይጠፋም። የፊት ሁለቱ ጎማዎች በእግርህ ጉልበት ይይዛሉ። ግን ፔዳሉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በጣም መርገጥ አለብህ፣ ለመቆምም ብዙ መንገድ ትፈልጋለህ። ሐረጎ ላይ ብዙ መንገድ የለም።

ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፤ ያችኑ ቅርጽ ከወደድካት ከ2007 ወዲህ የተሠራችውን ፈልግ። ትወደዳለች፣ አውቃለሁ። የ2004ቷን ካልገዛሁ እሞታለሁ ካልክ ደግሞ ብር ከመቁጠርህ በፊት የመርቸዲስ መመርመሪያ ያለው ኤሌክትሪሺያን ቆጣሪውን ያንብብልህ። በሩን ስትከፍት ሞተሩ ሳይነሳ ከኮፈኑ ሥር «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ትሰማለህ። እሱ ፓምፑ ነው፣ አትደንግጥ። ከአሮጌ መኪና የተፈታ ክፍል «እንደ አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥልህ ካለ ቆጣሪው አብሮት እንደሚመጣ ንገረው። ሸራ ስታስቀይር ደግሞ ሲስተሙ መጀመሪያ በኮምፒውተር መተኛት አለበት። ሳይተኛ እጁን የሚያስገባ መካኒክ ጣቱን ሊያጣ ይችላል። ፓምፑ ድንገት ሲነሳ አይጠይቅም።

ምንም ብትገዛ ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ። ኦቶማቲክ ነው ብለህ ዲ ላይ ትተህ እግርህን ፍሬን ላይ አትዘፍዝፍ። ዘንጉን ወደ ግራ ነካ ነካ አድርገህ ሦስተኛ ላይ አስቀረው፣ ካስፈለገም ሁለተኛ። የአሰብን መስመር በኤንትሬ ካሚዮን ያረጁ ሾፌሮች ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም።

ስለ ቁልቁለት ካነሳን አንድ ታሪክ ልጨምር። የካርል ቤንዝ ባለቤት ቤርታ ነሐሴ 1888 ላይ ሁለት ወንድ ልጆቿን ይዛ፣ ባሏን ሳታስፈቅድ፣ በባለ ሦስት እግሯ መኪና ከማንሃይም ፎርትስሃይም ሄደች። 106 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነዳጅ ከመድኃኒት ቤት ገዛች። የነዳጁ ቱቦ ሲደፈን በባርኔጣ መርፌ ከፈተችው። ዳገት ላይ ልጆቹ ገፉ። ቁልቁለት ላይ የእንጨቱ ፍሬን ሲያልቅባት ጫማ ሰፊ ጠርታ ቆዳ አስመታችበት። የፍሬን ሸራ የተወለደው እንዲያ ነው። ስትመለስ ባሏን ለዳገት ሌላ ማርሽ ጨምርበት አለችው። ደሴ ብትወለድ ኖሮ የመጀመሪያዋ መኪና ገና ከጅምሩ ሦስት ማርሽ ይኖራት ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ሲያልፍ 240 ዲ መርቸዲሱን ትቶልናል። ከሐይቅ ወደ ደሴ ስወጣ ባጃጅ ሊቀድመኝ ምንም አይቀረውም። ወንድሞቼ ሞተሩ አልቋል ይሸጥ ይላሉ። እኔ ሆዴ እምቢ አለኝ።
የአባቷ ልጅ፣ ከሐይቅ

መልስ፦ ነፍስ ይማር ልጄ። አትሽጪው።

ይህ ሞተር ያለ ቱርቦ 2.4 ሊትር ናፍጣ ነው። አዲስ ሳለ ጉልበቱ 65 ፈረስ፣ በኋላ የወጣው 72። ያውም ባሕር ጠለል ላይ። ደሴ ስትደርሺ አየሩ ሩብ ያህል ሳስቷል፣ ጉልበቱም አብሮት ይሳሳል። ሃምሳ ፈረስ ይዘሽ ያን ሁሉ ብረት ወደ ላይ እየጎተትሽ ነው። ባጃጅ ቢቀድምሽ ይቅደም።

ወንድሞችሽን ጭሱን እንዲያዩ ንገሪያቸው። ዳገት ላይ ጥቁር ቢያወጣ አየር አንሶታል፤ ማጣሪያውን አራግፊ ወይ ቀይሪ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ያኔ ስለ ፋሻ (ስለ ፒስተኑ ቀለበት) እናወራለን። ባልቦላው (ቫልቩ) በእጅ የሚስተካከል ነው፤ ለስንት ዓመት እንዳልተነካ እገምታለሁ። የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር መሰካት እንጂ ይህን አይወዱም፣ ሽማግሌ ፈልጊ።

አንድ ቀን ቁልፉን አውጥተሽ ሞተሩ አልጠፋም ቢል አትሩጪ። አንድ ደንበኛዬ ቁልፉን ኪሱ ከቶ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ላብ አጥምቆት ጋራዥ ገብቷል። ሰፈሩ ሁሉ ጂኒ ነው ብሎታል። ጂኒው የጣት ስፋት የማይሞላ የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ነበር። ይህ ሞተር የሚጠፋው በቫኩም ነው፤ የበሮቹ ቁልፍም በዚያው በቫኩም ይሠራል። ቱቦ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ይተነፍሳል፣ ቫኩሙ ያመልጣል። ኮፈኑን ክፈቺ፣ ሞተሩ ላይ «ስቶፕ» የተጻፈባት ዘንግ አለች። እሷን ጫን ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከደሴ። መርቸዲስ የሰው ስም ነው ብዬ ከጓደኛዬ ጋር ተወራርደናል።

መልስ፦ አሸንፈሃል። ኤሚል የሊኔክ የሚባል ሀብታም ነጋዴ የዳይምለርን መኪና እየገዛ ይሸጥ ነበር፣ በልጁ በመርቸዲስ ስምም ይወዳደር ነበር። በእሱ ትእዛዝ ተሠርቶ በ1901 የወጣው 35 ፈረስ ጉልበት መኪና ስሟን ያዘ። ኮከቡ በ1909 ተመዘገበ፤ ሦስቱ ጫፎች የብስ፣ ባሕርና አየር ናቸው። ዳይምለርና ቤንዝ የተጋቡት በ1926 ነው። የተወራረዳችሁበት ብር ከሆነ ለእናትህ ስጥ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኦቶማቲክ መርቸዲስ የ1999 ሥሪት ገዝቻለሁ። ሻጩ «የካምቢዮ ዘይቱ ዕድሜ ልክ ነው፣ እንዳትነካው» ብሎኛል። መለኪያ ዱላም የለውም። እውነት ነው?
አዲስ ባለመኪና፣ ከወልዲያ

መልስ፦ ሻጩ ከራሱ አላመጣውም። በ1996 የወጣው ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ እንዲያ ተብሎ ነው የተሸጠው። ቱቦው አለ፣ ዱላው ግን የለም፤ ክዳኑም ታሽጓል። በኋላ ፋብሪካው ራሱ ሐሳቡን ቀይሮ ዘይቱ ይቀየር አለ። የማን ዕድሜ ልክ እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን። የዘይቱ ነው ወይስ የካምቢዮው?

እኔም አልጠየቅኩም። የማን ሥሪት እንደሆነች ልተዋት፣ አንዲት ኦቶማቲክ መኪና ይዞ የመጣ ሰው «ዘይቱን ቀይርልኝ» ሲለኝ «አይነካም» ብዬ መለስኩት። እንደ አዋቂ ሆኜ። ከዓመት በኋላ ከመርሳ በካሚዮን ተጭና መጣች። ካርተሩን፣ የካምቢዮውን የታች ክዳን፣ ስፈታ የወረደው ዘይት እንደ ጀበና አተላ ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ሽታው ቀኑን ሙሉ ከእጄ አልለቀቀም። ሥሩ ያለችው ማግኔት የብረት ብናኝ ለብሳ ጃርት መስላለች። ሰውዬው አንዲት ቃል አልተናገረም። እሱ ነው የከፋኝ፣ ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

አሁን ይህን አድርግ። ካምቢዮው ጎን ላይ ክብ የኤሌክትሪክ ሶኬት አለ። ከሥር ገብተህ በጣትህ ዙሪያውን ዳብሰው። ቀይ ዘይት ከነካህ የውስጡ ቀጭን ጎማ አልቋል። ብዙ ባለቤቶች በዚህች ጎማ ያማርራሉ፣ እውነታቸውን ነው። ዘይቱ መሬት ላይ ጠብ ብሎ ቢቀር ቀላል ነበር። ግን በገመዱ ውስጥ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ወጥቶ የካምቢዮውን ኮምፒውተር ያርሳል። ከዚያ መኪናው ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይደርቃል፣ አንተ ካምቢዮ ወረደ ብለህ ታለቅሳለህ፤ ጥፋቱ የአንዲት ጎማ ነው።

ዘይቱን ከነማጣሪያው አስቀይር፣ ለዚሁ ካምቢዮ የተፈቀደውን ዘይት ብቻ። ልኩ የሚታየው ዘይቱ ሲሞቅ ነው፤ ዱላውን መካኒኩ ከሌለው ተበድሮ ይምጣ። ሶኬቷንም በዚያው አስቀይር። ከዘይቱ ትረክሳለች።