የፒክ ትሬንድ እንዴት ትከታተላላችሁ ላልከው

ወንድሜ፣ ስለ ፋንታሲ ሬስሊንግ ሊግ፣ ማለትም ድራፍት ላይ የWWE ሬስለሮችን በየተራ መርጠን እነሱ በሚያመጡልን ነጥብ ስለምንወዳደርበት ጨዋታ፣ «ሬስለሮቹ በስንተኛ ፒክ (የምርጫ ተራ) እንደሚሄዱ እየመዘገብኩ አማካይ አወጣለሁ፣ ድራፍቱ ላይ ግን ምንም አልጠቀመኝም» ብለሃል። እኔም ሁለት ሲዝን ሙሉ እንደዛው ለፍቻለሁ። የሚያሳስተው አማካዩ ነው። አንድ ሬስለር በአምስት ድራፍት 4፣ 5፣ 6፣ 5 እና 30ኛ ቢሄድ አማካዩ 10 ይወጣል፣ ግን 10ኛ ላይ የወሰደው ሰው የለም፣ 8ኛ ላይ አገኘዋለሁ ብለህ ስትጠብቅ ቀድመው ይወስዱታል። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድርና መሃል ያለውን ያዝ፣ እዚህ ጋ 5 ነው።

30ዋ ደግሞ ዝም ብላ አልመጣችም፣ ያን ሰሞን ተጎድቷል የሚል ወሬ ይኖራል ወይ ከቲቪ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፒክ ጎን ቀኑን ጻፍ። ሬስሊንግ ላይ አንድ ማታ ሁሉን ይገለብጣል። ሮያል ራምብል የሚባለውን ግጥሚያ ከ30 ሰው መሃል ያሸነፈው በዓመቱ ትልቁ ዝግጅት ሬስልማንያ ላይ ለሻምፒዮንነት ቀበቶ ስለሚጋጠም በማግስቱ ሁሉም እሱን ይሻማል፣ ከራምብል በፊትና በኋላ የተደረጉ ድራፍቶችን አንድ ላይ ከቀላቀልክ የምታገኘው ቁጥር የማንም አይደለም። እኔ ያለፉትን ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የማየው፣ የቆየውን ለብቻው አስቀምጣለሁ።

በጣም የጎዳኝን ልንገርህ። ቀበቶ በተያዘበት ቀን ልክ ነጥብ ከሚሰጥ ሊግ ትሬንዱን ገልብጬ፣ በግጥሚያ ብዛት ነጥብ ለሚሰጠው ሊጋችን ተጠቀምኩበት። ሮማን ሬይንስን አንደኛ ወሰድኩ። ሰውየው ቀበቶውን 1,316 ቀን ይዞ ቆይቷል፣ የሚጋጠመው ግን አልፎ አልፎ ነበር፣ እኔ ባዶ ሳምንት እየቆጠርኩ ጉንተርን የወሰደው ልጅ ነጥብ ይሰበስባል፣ ምክንያቱም ጉንተር ኢንተርኮንቲኔንታል የሚባለውን ቀበቶ በያዘባቸው 666 ቀናት ቲቪ ላይ በደንብ ይጋጠም ነበር። የነጥብ አሰጣጡ ካልተመሳሰለ የሌላ ሊግ ትሬንድ ባታየው ይሻላል።

ለልምምድ የሚደረጉ ድራፍቶችንም ከዋናው አትቀላቅል፣ እዛ ሰው የፈለገውን ይሞክራል።

ሌላው፣ ማን እንደመረጠም ጻፍ። እኛ ጋ አንዱ የታግ ቲም (በጥንድ የሚጋጠሙ) ቻምፒዮኖቹን ሲወስድ ተከታዮቹ ሦስት ሰዎች ወዲያው ታግ ቲም ይወስዳሉ፣ በየዓመቱ ነው። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ወይ አንድ ፒክ እቀድማቸዋለሁ ወይ እነሱ ሲሻሙ የተዉትን ጥሩ ሲንግል (ብቻውን የሚጋጠም) አነሳለሁ፣ በተለይ ዙሩ እየተገለበጠ በሚሄድ ድራፍት ጫፍ ላይ ከሆንክ ተራህ እስኪመለስ ብዙ ሰው ስለሚያልፍ ይሄ ከየትኛውም ቁጥር በላይ ይጠቅምሃል።

ጉዳትን ግን ትሬንድ አይነግርህም። ሬስለሩ ፊን ባሎር WWE ራሱ ሬስለሮቹን ለሾዎቹ ባከፋፈለበት የ2016 (እ.ኤ.አ.) ድራፍት 5ኛ ተመረጠ፣ ነሐሴ ላይ የመጀመሪያው ዩኒቨርሳል ቻምፒዮን ሆነ፣ በዛው ግጥሚያ ትከሻው ተጎድቶ በማግስቱ ቀበቶውን አስረከበ። ለዛ ነው የመጨረሻ ሁለት ፒኬን ሁልጊዜ በየሳምንቱ ለሚጋጠሙ ሰዎች የምተወው።

ሊጋችሁ ስንት ሰው ነው፣ ነጥቡስ በምንድነው የሚሰጠው? እሱን ጻፍልኝና ፒኮቹን የምትመዘግብበትን ሺት አብረን እናስተካክለው።