እሳት ብቻ ፈርቼ

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ከተጋባን 11 ዓመታችን ነው፤ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነው፤ እኔ ደግሞ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ። ወንድሜ ብድር ሲወስድ ለባለቤቴ ሳልነግር ዋስ ሆንኩት። ወንድሜ መክፈል ሲያቅተው ጠፋ። አሁን በየወሩ ከእኔ ደመወዝ ይቆረጣል። ባለቤቴ ያወቀ ዕለት ጮኸ፤ የያዘውን ብርጭቆ ከግድግዳ ጋር አላተመው። እጁን ግን አንስቶብኝ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ይኸው አራት ወር ሙሉ ዝም ነው። የሚያወራኝ በልጁ በኩል ነው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ "እናትህን ሽሮው ጨው አንሶታል በላት" ይላል። ባለፈው እስክሪብቶ ስፈልግ የትምህርት ዕቅድ ደብተሩ ጀርባ ላይ ይህን አገኘሁ፦

እሳቱን ዳፈንኩት፣ ለነገ እንዲቆየኝ፤
ሌሊቱ ጥርት ሲል፣ ሰላም መስሎ ታየኝ።
ባቄላዬን ባየው፣ በጠዋት ተነሥቼ፣
ውርጩ አቃጥሎታል፣ እሳት ብቻ ፈርቼ።

እኛ ባቄላ የሚባል ነገር የለንም። እሱ ግን ያደገው ገጠር ነው፣ ጣርማበር በኩል። "እሳት" የሚለው አስፈራኝ። ሊያቃጥለን ነው የሚያስበው? ወይስ ጠልቶኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት፤ ግጥሙን ግን ስንቴ እንደሆነ አልቆጠርኩም። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም። ሰውን በአራት መስመር ግጥም መርምሮ "እንዲህ ነው" የሚል ባለሙያ ካጋጠመሽ ሽሺው። እኔም የምነግርሽ የታየኝን ያህል ነው። የታየኝ ደግሞ አንቺ ከፈራሽው ጋር አይገጥምም።

እሱ ገጠር ካደገ ግጥሙ ሰምና ወርቅ አለው። ከሰሙ እንጀምር። እኔም ያደግኩት እዚያው ሰሜን ሸዋ ስለሆነ ሰሙ ዓይኔ ላይ አለ። እናቴ ማታ ማታ የኩበቱን ፍም ምድጃው መሐል ትሰበስብና አመድ ታለብሰዋለች። አመዱን በእጇ መታ መታ አድርጋ ትተኛለች። ላየው ሰው እሳቱ የጠፋ ነው የሚመስለው። ጠዋት አመዱን ጫር አድርጋ ኩበት ፈርፈር ታደርግበትና እፍ ትላለች፤ ወዲያው ይያያዛል። ማዳፈን ማጥፋት አይደለም። ማዳፈን ማስቀመጥ ነው።

ውርጩን አንቺም ታውቂዋለሽ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ብርዱን ለአንቺ መንገር ትርፍ ነው። በረዶ ሲመጣ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እየጮኸ ነው። ውርጭ ድምፅ የለውም። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ነፋሱም ሲተኛ፣ መሬቱ ቀን የሰበሰበውን ሙቀት ሌሊት ይተፋዋል። የሚያለብሰው ደመና የለማ! ቅጠሉ ውስጥ ያለው ውሃ ሳይቀር በረዶ ይሆናል። ንጋት ላይ ማሳው ነጭ ሆኖ ያምራል እንጂ የተጎዳ አይመስልም። ፀሐይ ሲወጣበት ነው ቅጠሉ የሚጠቁረው። ያን ጊዜ ገበሬው ምን ይላል? "ውርጭ አቃጠለው" ይላል። ብርድ አቃጠለ! ይህቺን አነጋገር ነው ባለቤትሽ ያነሳት።

አሁን ወደ ወርቁ። አማርኛ ቁጣን ከእሳት ለይቶ አያውቅም። "ንዴት" ራሱ የመጣው "ነደደ" ከሚለው ነው። ተቃጠልኩ፣ አረርኩ፣ ጨስኩ እንላለን። ፍቅር ሲያልቅ ደግሞ "ልቤ ቀዘቀዘ" እንላለን። ያቺ ብርጭቆ የተሰበረችበት ማታ እሳቱ ነች። ባለቤትሽ በዚያች ማታ የደነገጠው በራሱ ይመስለኛል። ስለዚህ አዳፈነው፤ አፉን ዘጋ። ቤቱ ጸጥ አለ፤ ጩኸት የለ፣ ስድብ የለ። "ሌሊቱ ጥርት ሲል ሰላም መስሎ ታየኝ" ያለው ይህንን አራት ወር ነው። ከዚያ አንድ ቀን ቀና ብሎ ሲያይ ቤቱ ጠቁሯል። ያጠቆረው ደግሞ የፈራው እሳት ሳይሆን ያልጠረጠረው ዝምታ ነው።

ግሶቹን ተመልከቻቸው። ዳፈንኩት፣ ታየኝ፣ ባየው፣ ፈርቼ። ሁሉም "እኔ" ነው የሚሉት። "አንቺ" የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ይህ ዛቻ አይመስልም፤ ራሱን እየከሰሰ ነው። ደግሞ "ባቄላዬን" ነው ያለው። የጠላ ሰው ማለዳ ተነሥቶ ማሳውን ለማየት አይወጣም።

ባለቤትሽ የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካዊው ሮበርት ፍሮስት በ1920 እ.ኤ.አ. ያሳተማት ዘጠኝ መስመር ግጥም አለች። ዓለም በእሳት ትጠፋለች ወይስ በበረዶ ብሎ ይጀምርና እሳቱን ለምኞት፣ በረዶውን ለጥላቻ ይሰጣል። የገጣሚው የአባት ስም በእኛ ቋንቋ ውርጭ ማለት መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። ባለቤትሽ ያቺን ግጥም ሳያውቃት አይቀርም። የእሱ ግን ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ እሳትና በረዶ ሁለት ምርጫዎች ናቸው። እዚህ አንዱ ሌላውን ይወልዳል፤ የተዳፈነው እሳት ነው ቤቱን ያቀዘቀዘው። እኔን ከጠየቅሽኝ ለትዳር የምትቀርበው የእሱ ናት።

አንድ መስመር ግን ያሳስበኛል፤ "ለነገ እንዲቆየኝ" የምትለዋ። ማጥፋት ሲችል አስቀምጦታል። በእኛ አገር ይህ ቂም ይባላል። ዝም ያለ ሰው ውስጡ የበረደ ይመስለናል። ጥንዶችን ሲጨቃጨቁ በካሜራ እየቀረጸ፣ የልብ ምታቸውን እየለካ ያጠና ጆን ጎትማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ አለ። ትዳር ከሚያፈርሱ አራት ጠባዮች አንዱ ይህ እንደ ግንብ ተዘግቶ መቀመጥ ነው ይላል። ሌሎቹ ሦስቱ ነቀፋ፣ ንቀትና "እኔ ምን አጠፋሁ" ማለት ናቸው። የተዘጋው ሰው ብዙ ጊዜ ልቡ በደቂቃ ከ100 በላይ እየመታ ነው። በዚያ ሰዓት ብታናግሪው አይሰማሽም። ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ አለበት። 20 ደቂቃ ነው ያልኩት፤ አራት ወር ግን እረፍት አይባልም።

ካልኩት ላይ አንድ ነገር ይነሳ። ብርጭቆው የተወረወረው ወደ አንቺ ከነበረ፣ ወይም እጁን ማንሳት፣ መዛት ከጀመረ፣ የግጥም ትርጓሜዬን እርሺው። ልጆችሽን ይዘሽ ወደ ቤተሰብ ሂጂ፤ ለፖሊስም ተናገሪ። እንቅልፍ ካጣ፣ መጠጥ ካበዛ፣ ወይም "ሞት ይሻለኛል" ማለት ከጀመረ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ይታይ።

እንዲህ ካልሆነ ሥራው የሚጀምረው ከአንቺ ነው። ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ገንዘቡ ያን ያህል አላናደደውም ባይ ነኝ። ያናደደው አንቺ ብቻሽን መፈረምሽ ነው። ወንድምን መርዳት ነውር የለውም፤ ሳይነግሩ ዋስ መሆን ግን ባልን እንደ ጎረቤት መቁጠር ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ "ይቅርታ ጠየቅኩት" የሚል ቃል ፈልጌ አጣሁ።

ግጥሙን ማንበብሽን ንገሪው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንድ ምስጢር ነው፤ ሁለተኛ አትጨምሪበት። ከሥራ እንደገባ አይሁን፣ ልጆቹም ይተኙ። ቡና ከወደደ ቡና አፍዪ። መጀመሪያ የደመወዝ ወረቀትሽን ፊቱ አስቀምጪ፤ ስንት ቀረ፣ እስከ ስንት ወር ይቆረጣል፣ ሁሉንም። "ሳልነግርህ መፈረሜ ጥፋት ነው" በይው። "ግን" የሚለውን ቃል አታስከትይ፤ "ግን ወንድሜ ነው" ካልሽ ይቅርታው እዚያው ላይ አለቀ።

ሽማግሌ ማስገባት ካሰብሽ ከዚህ በኋላ ይሁን። ሽማግሎቻችን ደግ ናቸው፤ ግን ይቸኩላሉ። "በሉ ይቅር ተባባሉ" ብለው ጉልበት አስመውና መርቀው ይሄዳሉ፤ ፍሙ አመድ ውስጥ እንዳለ ነው። የንስሐ አባታችሁ ረጋ ብለው ሁለታችሁንም የሚሰሙ ከሆነ እሳቸው ይሻላሉ።

ስለ ግጥሙ ስታነሺ "ምን ማለትህ ነው?" ብለሽ አትጠይቂው። ገጣሚ ወርቁን ፍታ ሲባል ያፍራል፤ መምህር ሲሆን ደግሞ ይባስ። እዚያው ሰሙ ውስጥ ግቢ። "ደብተርህ ላይ አነበብኩት። ባቄላው ሁሉ ነው የተቃጠለው ወይስ የተረፈ አለ?" በይና ዝም በይ። ቶሎ ላይመልስ ይችላል። ጠብቂው።

ከነገ ጀምሮ ግን ልጁን ከመልእክተኛነት አሳርፉት። "ለአባትህ እንዲህ በለው" የሚለውን አንቺ ቀድመሽ አቁሚ። ሽሮው ጨው ካነሰው ራሱ ይንገርሽ።