ቀን የተከለከለ ስልክ፣ ሌሊት የሚላክ የቤት ሥራ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የመጀመሪያ ልጄ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ትምህርት ቤቷ ስልክ ይዞ መግባትን ስለከለከለ ስልኳ ቀን ቤት ይውላል፤ መምህራኑ ግን ኖቱንም የቤት ሥራውንም ማታ ማታ በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ይልካሉ። ባለፈው ሳምንት ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ብነሣ ጋቢዋን ተከናንባ ከውስጥ የስልክ ብርሃን ይታያል። ገልጬ ሳይ ጨዋታ ላይ አልነበረችም፤ በፎቶ የተላከ የፊዚክስ ጥያቄ በጣቷ እያሰፋች ወደ ደብተሯ ትገለብጥ ነበር። የፈተና ውጤትም በስም ዝርዝር እዚያው ስለሚለጠፍ፣ ዝቅ ያለ ውጤት ያገኘች ዕለት እራት አትቀምስም። አባቷ ስልኩን እንቀማት ይላል። ምን ትመክሩኛላችሁ?
እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ጋቢውን ገልጠው ደብተሩን ጭምር ማየትዎ ለልጅዎ ትልቅ ነገር ነው። ስልኩን መቀማቱን አንመክርም፤ ትምህርቱ እዚያ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ቢወሰድባት ልጅቱ የምታጣው ኖቷን ነው።

ትምህርት ቤቱ በክፍል ውስጥ ስልክ መከልከሉ በራሱ ስሕተት አይደለም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው የዓለም ትምህርት ክትትል ሪፖርት፣ ቴክኖሎጂ ወደ ክፍል መግባት ያለበት ለመማር ሲጠቅም ብቻ እንደሆነ አሳስቧል፤ ፈረንሳይም በ2018 እ.ኤ.አ. እስከ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ በትምህርት ቤት ስልክ መጠቀምን በሕግ ከልክላለች። ሆኖም ቀን የሚከለክል ትምህርት ቤት ማታ በዚያው ስልክ የሚያስተምር ከሆነ፣ ክፍሉን ጸጥ አሰኝቶ ሸክሙን ወደ እናንተ ቤት አዛውሮታል ማለት ነው። መመሪያው ስለ ዕቃው ተናግሮ ስለ ሰዓቱ ዝም ብሏል፤ እኛን የሚያሳስበንም ይኸው ዝምታ ነው።

ለዚህ ዕድሜ፣ ማለትም ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች፣ የእንቅልፍ ሐኪሞች በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ። ሌሊት 7 ሰዓት ተኝታ ንጋት 12 ሰዓት የምትነሣ ልጅ የምታገኘው 5 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን የተማሩት ነገር በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ስለሆነ፣ ልጅዎ ሌሊት የገለበጠችው ፊዚክስ ራሱ በማግሥቱ ሊጠፋባት ይችላል። ፍርሃቷን ግን አንንቀፍባት። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ ይህን ቁጥር በቃሉ ያውቀዋል።

ስለዚህ ጉዳዩን መጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ መምህር፣ ከዚያም ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ያቅርቡ። ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ቢሄዱ ይሻላል፤ ብቻዎን የሄዱ እንደሆነ የአንዲት ልጅ ስንፍና ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል። የምትጠይቁት ነገር ለመምህራኑም ከባድ አይደለም። ቴሌግራም መልእክትን በቀጠሮ ለመላክ ያስችላል፦ መምህሩ ማታ 4 ሰዓት ላይ ጽፎ የጨረሰውን፣ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመያዝ በማግሥቱ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት እንዲደርስ ሊያዝዘው ይችላል። ግሩፑንም መምህራን ብቻ እንዲጽፉበት አድርጎ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህ ሲሆን የተማሪዎቹ የሌሊት ወሬ ይቀራል። የቤት ሥራው ግን ከሁሉም በፊት በሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ስልክ የሌለው ተማሪ በየክፍሉ አለ፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜም በቴሌግራም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ ከኔትወርኩ ጋር እንደሚሄድ አይተናል።

ውጤትን በስም ዝርዝር መለጠፍ ግን ፈጽሞ መቆም አለበት። ውጤት የተማሪዋና የወላጆቿ ነው። ወረቀቱን በእጇ መስጠት እየተቻለ ስልሳ ልጆች ፊት ማንበብ ማንንም አያስጠናም፤ እራት ያስተዋት ይኸው ነው ብለን እናምናለን።

በቤትዎ ደግሞ ስልኩ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በኋላ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ የእርስዎና የአባቷም ስልክ አብሮ ይቀመጥ፤ አለዚያ ልጅቱ ቅጣት አድርጋ ትወስደዋለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናውን በኮምፒዩተር የሚወስዱ ተማሪዎች ስላሉ፣ ትምህርት ቤቱ የኮምፒዩተር ክፍል ካለው በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ይጠይቁ፤ በማውስና በኪቦርድ መለማመድ በስልክ ፎቶ ከማስፋት ይልቅ ለፈተናው ይጠቅማታል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ከራቃት፣ ምግብም እንደ ጠላች ከቀጠለች ሐኪም ይያት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ እዚያ መሄድ እንደ ነውር አይታይ። አባቷም አብሮ ቢሄድ ደስ ይለናል።