የእንግሊዝኛን የግስ ጊዜያት በአንዲት ፕሬዚዳንት ታሪክ ማለማመድ

መምህርት፣ «የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ባዶ ቦታ ሙሉ ሲባሉ ቴንሱን አይስቱም፤ የአንዲት ሴት ፖለቲከኛ ታሪክ ጻፉ ስላቸው ግን ሁሉም ይምታታባቸዋል» ብለው ለጠየቁት፣ ደብረ ሲና አካባቢ ሳስተምር የጠቀመኝን ልንገርዎ።

እኔ የመረጥኳት የላይቤሪያዋን ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍን ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ተወለደች፤ በ1979 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነች፤ በ1980ዎቹ ታሰረች፤ በ1997 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድራ ተሸነፈች፤ በ2005 አሸነፈችና በጥር 2006 ቃለ መሐላ ፈጸመች፤ በ2011 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ተጋራች፤ በ2018 ሥልጣኗን በምርጫ ላሸነፈው ለጆርጅ ዊሃ አስረከበች። መውደቅና መነሣት ያለበት ሕይወት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

ዓመታቱን ሰሌዳው ላይ በአንድ መስመር ጽፌ፣ ተማሪው ጣቱን አንዱ ዓመት ላይ አድርጎ ከዚያ ሆኖ እንዲናገር አደርጋለሁ። 2010 ላይ የቆመ «ሺ ሃዝ ቢን ፕሬዚዳንት ሲንስ 2006» ይላል፤ ዛሬ ላይ የቆመ ግን «ሺ ዎዝ ፕሬዚዳንት ፍሮም 2006 ቱ 2018» ማለት አለበት። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ ግሱን የለወጠው የተናጋሪው መቆሚያ ነው።

ስሕተቱ በብዛት የሚመጣው ከራሳችን ቋንቋ ስለሆነ እዚህ ላይ ጊዜ ይስጡ። በአማርኛ «ከ2006 ጀምሮ ፕሬዚዳንት ናት» ስለምንል ልጁ «ሺ ኢዝ ፕሬዚዳንት ሲንስ 2006» ብሎ ይጽፋል፤ «በ2005 አሸንፋለች» ማለትም ለእኛ ምንም ነውር ስለሌለው «ሺ ሃዝ ዎን ኢን 2005» ይላል፤ እንግሊዝኛው ግን ያለፈው ዓመት ተለይቶ ከተጠራ «ሃዝ»ን አይቀበልም። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትክክል የሆነውን ነው የሚጽፉት፤ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ እፎይታ አያለሁ።

አንድ ጊዜ ጋቢ ደርቦ ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ደብተሩን ይዞ መጥቶ፣ የ1997ቱ ሽንፈት አንድ ቦታ «ሎስት» ሌላ ቦታ «ሃድ ሎስት» የሆነው ለምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ታሪኩን ከላይ ወደ ታች በቅደም ተከተል ስትተርክ «ሎስት» ይበቃል፤ ከ2005ቱ ድል ጀምረህ ወደ ኋላ ስትመለስ ግን «ተሸንፋ ነበር» እንደምንለው «ሃድ ሎስት» ትላለህ አልኩት። ወንበሩ ላይ ተመልሶ አንቀጹን ከድሉ ጀምሮ እንደገና ጻፈው፤ ሦስቱም «ሃድ» በየቦታቸው ነበሩ።

የዘመን አቆጣጠሩንም አስቀድመው ያስረዱ። የኅዳሩ ምርጫም የጥሩ ቃለ መሐላም በእኛ 1998 ዓ.ም. ላይ ስለሚውሉ፣ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር የመለሰ ተማሪ 2005ን ከ2006 መለየት ያቅተዋል።

የሚቀጥለውን ሳምንት ለቤተሰብ ታሪክ ይተዉት። ልጆቹ እናታቸውን ወይም አያታቸውን ጠይቀው አምስት ዓመታት መስመር ላይ ያስፍሩ፤ ከዚያም ከሁለት የተለያዩ ዓመታት ላይ ቆመው ሁለት አንቀጽ ይጻፉ። ሲያርሙ ግሱን ብቻ ያርሙ፤ የሆሄያቱ ግድፈት ለሌላ ቀን ይቆይ።