ሕንፃው ካለቀ በኋላስ?

ጥያቄ፦ በላኦስ ገጠር መዋዕለ ሕፃናት ለሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ልሰጥ አስቤያለሁ። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መሬቱ ተፈትሾ እንደሆነ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1973 አሜሪካ እዚያ አገር ላይ ከ2 ሚሊዮን ቶን በላይ ቦምብ ጥላለች። ያልፈነዳው ዛሬም አፈር ውስጥ አለ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የመምህሯ ነገር ነው። በላኦስ የሚኖሩት የህሞንግና የክሙ ብሔረሰቦች ልጆች ቤታቸው የሚያወሩት ላኦኛ አይደለም። አንደኛ ክፍል ሲገቡ ግን ትምህርቱ በላኦኛ ነው። እኔ ጉራግኛ ብቻ ይዤ አዲስ አበባ ክፍል የገባሁ ቀን፣ ውሃ ጠማኝ ማለት አቅቶኝ ውዬ ነበር። ስለዚህ ጠይቂያቸው፦ መምህሯ የልጆቹን ቋንቋ ትችላለች? ደሞዟን ማን ይከፍላል? ለስንት ዓመት? ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጡሽ ገንዘብሽን ያዢ።