ፈረሱ እምቢ ሲል ማን ይሰማዋል?

ልጆቼ፣

የፈረስ ግልቢያ በኦሊምፒክ ቦታ ይገባዋል ወይ እያላችሁ ስትከራከሩ ሰምቼ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ዕድሜዬን በደሴና በኮምቦልቻ መካከል የጋማ ከብት ሳክም ያሳለፍሁ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ጡረተኛ ደግሞ ያልተጠየቀውን መመለስ ይወዳል። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር፦ ይገባዋል፤ ነገር ግን አንድ ሁኔታ ሲሟላ ብቻ ነው። ያንን ሁኔታ በክርክራችሁ ውስጥ ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም።

ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት መከራከሪያ «የሚሮጠውና የሚዘለው ፈረሱ ነው፤ ሜዳልያው ለምን ለሰውየው ይሰጣል?» የሚል ነው። አባቶቻችን ይህን ጥያቄ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ብለው ዘግተውታል። ኮርቻ ላይ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ጋላቢውን እንደ ተጫነ እህል ያየዋል። መሰናክሉ ከመድረሱ በፊት ስንት እርምጃ እንደቀረ የሚቆጥረው፣ የፈረሱን እርምጃ በጭኑና በዛቡ የሚያሳጥረውና የሚያስረዝመው ግን ጋላቢው ነው። ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርቴል በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች ሽባ ነበረች፤ ፈረስ ላይ የሚያወጣትና የሚያወርዳት ሰው ያስፈልጋት ነበር። እንዲህም ሆና እ.ኤ.አ. በ1952 ሄልሲንኪ ላይ በድሬሳጅ፣ ማለትም ፈረሱ በጋላቢው ስውር ምልክት እርምጃውን እየቀያየረ በሚዳኝበት ውድድር፣ ከወንዶች ጋር ተጋጥማ የብር ሜዳልያ ወስዳለች። ጃፓናዊው ሂሮሺ ሆኬትሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ ሲወዳደር 71 ዓመቱ ነበር። ወንድና ሴት፣ ወጣትና ሽማግሌ በአንድ ሜዳ በእኩልነት የሚጋጠሙበት ስፖርት ጥሩ ብትባሉ ብዙ የምትጠሩ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ክስ «የሀብታም ጨዋታ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ አልከራከርበትም። እንዲያውም ድሮ ከዚህም ይብስ ነበር፤ እስከ 1952ቱ ኦሊምፒክ ድረስ የሚወዳደሩት በአብዛኛው የጦር መኮንኖች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 የስዊድን የድሬሳጅ ቡድን ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ ከጋላቢዎቹ አንዱ የሆነው ጌናል ፐርሶን እውነተኛ የመኮንን ማዕረግ የለውም ተብሎ ሜዳልያው ተነጠቀ። ፈረሱ ስለ ጋላቢው የትከሻ ማዕረግ ምን አግብቶት! እኛም ብንሆን በዚህ ነገር ንጹሕ አይደለንም። እዚህ ደሴ አይጠየፍ አዳራሽን ያሠሩት ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ነበሩ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ ይባሉ ነበር። ጌታው በፈረሱ ስም ሲጠራ ሣር አጭዶ ፈረሱን ያበላው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ይሁን እንጂ ፈረስና ሀብት የግድ አብረው አይሄዱም። በአገው ምድር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበር መሥርተው፣ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚሰበሰቡት ፈረሰኞች አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ስለዚህ የገንዘቡ ጉዳይ የአዘጋጆቹ ችግር ነው፤ ስፖርቱን ከመድረክ ለማውረድ አይበቃም።

«እኛስ ለምን የለንበትም?» ለምትሉት ደግሞ ገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ ነው። በዚያ ዓመት ግን ፈረሶቹ ሜልቦርን አልነበሩም። የአውስትራሊያ የእንስሳት ለይቶ ማቆያ ሕግ ስላላስገባቸው የግልቢያው ውድድር ከወራት በፊት ስቶክሆልም ተካሄደ። እ.ኤ.አ. በ2008ም ሌላው ውድድር ቤጂንግ ሲሆን ፈረሶቹ በበሽታ ቁጥጥር ምክንያት ሆንግ ኮንግ ነበሩ። የእኛን ፈረስ ደጅ የሚያስቀረው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ተናካሽ ዝንቦች ያዛምቱታል፤ የያዘውን ፈረስ ሳንባውን በውሃ ሞልቶ በአጭር ጊዜ ሊገድለው ይችላል። አገራችን ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑ ቢሾፍቱ ላይ ክትባት ይመረትለታል። አውሮፓውያን ይህን በሽታ ለምን እንደሚፈሩ ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ1987 ስፔን የደረሰባትን ማየት ይበቃል፤ ከናሚቢያ በገቡ የሜዳ አህዮች ሰበብ በሽታው ገብቶ ለዓመታት ፈረሶቿን ሲፈጅ ቆየ። እንግዲህ የወሎ ልጅ አንድ ቀን በኦሊምፒክ ቢጋልብ፣ የሚጋልበው የወሎን ፈረስ አይሆንም። ይህን ሳስበው ይቆጨኛል። ከእናንተ መካከል የእንስሳት ሕክምና የምትማሩ ካላችሁ፣ ከሜዳልያ የሚበልጥ ሥራ እዚህ ላይ አለላችሁ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የማራቶን ሯጭ እግሩን ሲያመው አቋርጦ ይወጣል፤ ማንም አያስገድደውም። ፈረስ ግን አልተመዘገበም፣ አልፈረመም። እምቢታውን የሚናገረው በአካሉ ብቻ ነው፤ ጆሮውን ወደ ኋላ ይለጥፋል፣ ጅራቱን ይወነጭፋል፣ አፉን ከልጓሙ ለማስለቀቅ ይከፍታል፣ በመጨረሻም ይቆማል። ሁኔታ ያልኋችሁ ይህ ነው፤ ፈረሱ እምቢ ሲል የሚሰማውና ውድድሩን ለማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ሜዳው ውስጥ መኖር አለበት።

ቶኪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 የሆነውን አስታውሱ። በዘመናዊ ፔንታትሎን፣ ማለትም አምስት የስፖርት ዓይነቶችን በሚያጣምረው ውድድር፣ ተወዳዳሪዎች የማያውቁትን ፈረስ በዕጣ ያገኙ ነበር፤ የሚተዋወቁበት ጊዜ 20 ደቂቃ ብቻ ነበር። ጀርመናዊቷ አኒካ ሽሎይ እየመራች ሳለ ሴንት ቦይ የተባለ ፈረስ ደረሳት። ያ ፈረስ ከእርሷ በፊት በጋለበችው ተወዳዳሪ ሥር ደጋግሞ እምቢ ብሎ ነበር። እንደገና ወደ ሜዳ አስገቡት፤ እንደገና እምቢ አለ። ልጅቷ እያለቀሰች ትገርፈዋለች፣ አሠልጣኟ ከአጥሩ ጀርባ ሆና በቡጢ ትመታዋለች። ዓለም ሁሉ በልጅቷና በአሠልጣኟ ላይ ጮኸ። እኔን ያስቆጣኝ ግን አስቀድሞ እምቢ ያለን ፈረስ መልሶ ያቀረበው አሠራር ነው። በኋላ የፔንታትሎን ፌዴሬሽን ግልቢያ ከውድድሩ እንዲወጣ ወሰነ፤ ፓሪስ 2024 የመጨረሻው ሆነ። ደግ አደረጉ።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደኝ የሻርሎት ዱጃርዲን ጉዳይ ነው። የብሪታንያ ስመ ጥር የድሬሳጅ ጋላቢ፣ የሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ናት። ፓሪስ ልትሄድ ስትል ከዓመታት በፊት በሥልጠና ላይ የፈረስ እግር ደጋግማ በጅራፍ ስትመታ የሚያሳይ ምስል ወጣ፤ ራሷን ከውድድሩ አገለለች፤ ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽንም ለአንድ ዓመት አገዳት። በውድድሩ ሜዳ ላይ ሐኪም አለ፣ ዳኛ አለ፣ ካሜራ አለ። በሥልጠናው ቦታ ማን ነበር?

ፈረሱን የመስማት ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ለምትፈልጉ፣ ኦሊምፒክ ውስጥ የሌለውን የረጅም ርቀት ግልቢያ ተመልከቱ። 160 ኪሎ ሜትር ድረስ የሚዘልቅ ሲሆን በየመሐሉ ሐኪሞች ይቆማሉ። ያረፈ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ይመታል፤ በተወሰነለት የማረፊያ ጊዜ ውስጥ ወደ 64 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ ውድድሩ ለእርሱ አበቃ። ሐኪሙ ከንፈሩን ገልጦ ድዱን በአውራ ጣቱ ይጫናል፤ የነጣው ቦታ በሁለት ሰከንድ ገደማ ካልቀላ ደሙ በደንብ እየዞረ አይደለም። የአንገቱን ቆዳ ቆንጥጦ ይለቃል፤ ቶሎ ካልተመለሰ ውሃ ጠምቶታል። ሆዱን ያዳምጣል፤ ዝም ያለ አንጀት ክፉ ምልክት ነው። ከዚያ በሶምሶማ ያስሮጠዋል። የታመመው የፊት እግር መሬት ሲነካ ፈረሱ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፤ ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም፣ ዓይን ይበቃል።

ይህን ዓይን ለማሠልጠን አውሮፓ መሄድ የለባችሁም። ኮምቦልቻ ላይ ባጃጅ ብዙ ቦታ ቢወስድባቸውም የጋሪ ፈረሶች አሁንም አሉ። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሂዱና የደረቱን ማሰሪያ አንስታችሁ ከሥሩ እዩ፤ በከንፈሩ ማዕዘን ላይ ልጓሙ የፈተገው ቁስል አለ ወይ? አስፋልት ላይ የሚሰማው የእግሩ ድምፅ እኩል ነው? ባለጋሪውን «ይህ ፈረስ ዛሬ አይሠራም» ብትሉት «ልጆቼስ ምን ይብሉ?» ይላችኋል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። ማሰሪያው ቁስሉን እንዳይነካ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ጭነቱ በስንት እንደሚቀነስ፣ ስንት ቀን ቢያርፍ ለወራት እንደሚያገለግለው አስረዱት። ቁጣ ያቀለላችሁ እንደሆነ እንጂ ፈረሱን አያሳርፈውም።

እምቢ ማለት ዋጋ እንዳለውም ልንገራችሁ። አንድ በዓል ላይ በተዘጋጀ የፈረስ እሽቅድምድም ፈረሶቹን እንዳይ ተጠርቼ ነበር። ለማሸነፍ ከታሰቡት አንዱ በሶምሶማ ሲሄድ በግራ የፊት እግሩ ላይ ራሱን ይወረውራል። አይሮጥም አልሁ። አዘጋጁ እንግዶች ተቀምጠዋል፣ ስሙ ተነግሯል እያለ ለመነኝ፤ ቀጥሎ ተቆጣኝ። አልሮጠም። የፈረሱ ባለቤት ከዚያ በኋላ ሰላም ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም የሚቀጥለው ዓመት አልተጠራሁም። ይህ ሙያ እንዲህ ያሉ ቀኖች አሉት፤ ሳታውቁ እንዳትገቡበት።

የቀረኝ ኢቨንቲንግ ነው፤ ድሬሳጅን፣ ሜዳ ለሜዳ የሚደረግ የሽምጥ ግልቢያንና የመሰናክል ዝላይን የሚያጣምረው። በዚያው በቶኪዮ ጄት ሴት የተባለ የስዊዘርላንድ ፈረስ በሽምጥ ግልቢያው ላይ ከሰኮናው በላይ ጅማቱ ተበጠሰ፤ እንዲሞት ተደረገ። «ለምን አላከሙትም?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። አምስት መቶ ኪሎ ያህል የሚመዝን እንስሳ በሦስት እግሩ ለወራት መቆም አይችልም፤ ክብደቱን የተሸከመው ጤነኛ እግርም ሰኮናው ውስጥ ይቆስላል። ሐኪሞቹ እዚያው ነበሩ፣ ሥልጣንም ነበራቸው። ነገር ግን በሽምጥ በሚሄድ ፈረስ ላይ ሥልጣኑ የሚደርሰው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ያስቀመጥሁት ሁኔታ እዚህ ላይ አይሟላም። እኔ ብጠየቅ የመሰናክል ዝላይና ድሬሳጅ ይቆዩ እላለሁ፤ የሽምጥ ግልቢያውን ግን አወጣዋለሁ። የሙያ ባልደረቦቼ በዚህ አይስማሙም፤ ሲመታ የሚፈርስ መሰናክል ተሠርቷል፣ አደጋው እየቀነሰ ነው ይላሉ። እናንተም የምትቃወሙኝ ከሆነ ስለዚያ መሰናክል አሠራር አንብባችሁ ኑ፤ እከራከራችኋለሁ።