ስለ እናትሽ ቁስልና ስለ ፕሮቲን ዱቄቱ

አብሽሪ እህቴ። እናትሽ ደሴ ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ ውስጥ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል ሁለት ወር ሞላው። ታላቅ እህትሽ ከሳዑዲ የላከችውን የፕሮቲን ዱቄት ልስጣቸው ወይ ነው ያልሽው። ኩላሊታቸው ሳይታይ አትስጫቸው።

የኔ አባት ሐይቅ ከተማ ነው የሚኖረው። ጠባብ ጫማ አውራ ጣቱን ልጦት አልተሰማውም። ስኳር ነርቭ ስለሚጎዳ ሕመሙ አይታወቅም። እኛም ያወቅነው ካልሲው ሲረጥብ ነው። ፋሻ እያስቀየርን ብንመላለስም ቁስሉ አልጠግግ አለ። ዘመድ መክሮን ዱቄቱን በውድ ገዛን፤ ሦስት ሳምንት በወተት በጠበጥንለት። ቁስሉ ያው፣ ስኳሩ ግን ወጣ። በኋላ ጣሳውን ሳነበው ማልቶዴክስትሪን አለበት። ስሙ ስኳር አይደለም፤ ሰውነት ውስጥ ግን ቶሎ ስኳር ይሆናል።

ነገሩን የገለጠችልን ቁስሉን የምታጥበው ነርስ ናት። «አባቴ፣ ምን ምን ይበላሉ?» አለችው። ለካ ስኳሩን ፈርቶ ሁሉን ነገር ትቶታል! ጠዋት ባዶ ሻይ፣ ምሳ እንጀራ በበርበሬ፣ ማታ ያው። እንቁላሉንም ምስሩንም ትቷል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም ሲል እኛ «ስኳሩ ነው ያከሳው» እንል ነበር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዲስ ሥጋ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። ቁስል ላለበት ሰው ብዙ ጊዜ የሚመከረው በቀን በኪሎ ክብደት ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ነው። ለ60 ኪሎ ሰው ከ75 እስከ 90 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ አለው፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ገደማ፣ አንድ ኩባያ ወተት 8። ለአባባ እንጀራውን ቀንሰን ወጡን አበዛን። ጠዋት ሁለት እንቁላል፣ ምሳ ወፈር ያለ ምስር፣ ሲገኝ ደግሞ የሐይቅ ዓሣ። እናትሽ ጾመኛ ከሆኑ ምስር፣ አተርና ባቄላ አለላቸው።

ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ግን ይሄ ልክ አይሆንም። የቆየ ስኳር ኩላሊት ይጎዳል፤ ያኔ የፕሮቲኑን መጠን ሐኪም ነው የሚወስነው። ክሬቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ይታዘዝላቸው፣ ሽንታቸውም ይመርመር።

ምግቡ ብቻ አዳነው ብዬ አልዋሽሽም። ነርሷ የሞተውን ቆዳ እየቆረጠች አነሳች፤ ስኳሩም በኢንሱሊን ተስተካከለ። ከሁሉም የከበደን እግሩን እንዳይረግጥበት ማድረግ ነበር። «መስጊድ ካልሄድኩ» ብሎ አስጨነቀን። በስንት ልመና ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ ጀመረ። ቁስሉ ቀይ ሥጋ ማውጣት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው፤ በአራተኛው ወር ቆዳ ለበሰ።

የእናትሽ ቁስል ከሸተተ፣ ከጠቆረ፣ ዙሪያው እየቀላ ከሄደ ወይም ካተኮሳቸው ሳታድሪ ሆስፒታል ውሰጃቸው። የጣሳውን ጀርባ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።